ሶሻል ሽምደዳ የሚሆነው ማስመሪያው ሲቀር ነው

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ተማሪዎች 11ኛ ክፍል ገብተው ዘርፍ በሚመርጡበት ሰሞን «ናቹራል ስሌት ነው፣ ሶሻል ሽምደዳ ነው» የሚል ወሬ ቤት ለቤት ይዞራል። ሒሳብ የሸሸ ሁሉ ወደ ሶሻል ይጎርፋል። እዚያ ሲደርስ ሒሳብ ራሱ ከፈተናዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ጂኦግራፊውና ኢኮኖሚክሱም ስሌት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጡት 29,909 ተማሪዎች የሶሻሎቹ 6,973 ብቻ ነበሩ፤ ከዘርፉ ተፈታኞች 1.3 በመቶ ማለት ነው። ቀላል የሚባለው ዘርፍ ይህ ነው።

የካርታ ንባብን እንውሰድ። ብዙው ተማሪ «ስኬል ምንድን ነው?» ሲባል ትርጉሙን፣ በካርታው ላይና በመሬት ላይ ባለው ርቀት መካከል ያለ ምጣኔ መሆኑን፣ አንድ ቃል ሳይዘል ይወጣዋል፤ ካርታ ዘርግታችሁ «ከዚህ ድልድይ እስከዚያ ገበያ ስንት ነው?» ስትሉት ግን ይደነግጣል። የአገራችን የመሬት አቀማመጥ ካርታ በብዛት የሚገኘው በ1:50,000 ነው። በካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኮንቱርና በኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት መስመሮች) መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር ነው። አንድ ካርታ ለ60 ተማሪ ስለማይበቃ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከኤ3 ወደ ኤ4 ሲያንስ እያንዳንዱ ርዝመት ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ 2 ሴንቲ ሜትሩ 1.4 ይሆናል። ግርጌው ላይ የታተመው ጽሑፍ ግን አሁንም 1:50,000 ይላል። ተማሪው በማስመሪያ ለክቶ በዚያ ቁጥር ሲያባዛ 1 ኪሎ ሜትሩ 700 ሜትር ሆኖ ይወጣለታል። አሠራሩ ትክክል፣ መልሱ ስሕተት። ከካርታው ጋር እኩል የሚያንሰውና የማይዋሸው በመስመር የተሣለው ስኬል (ርቀቱ በምልክት የተከፋፈለበት አጭር መስመር) ብቻ ነው፤ ኮፒ ሲደረግ «ቦታ ይፈጃል» ተብሎ መጀመሪያ የሚቆረጠውም እሱ ነው! መምህራን ካርታውን ከመቁረጣቸው በፊት ያችን መስመር ከሚፈልጉት ክፍል ጎን ይለጥፏት።

ጠመዝማዛ መንገድ ወይም ወንዝ ሲለካ ክሩ በውሃ ይራስ፤ ደረቅ ክር ከመታጠፊያው እየዘለለ መንገዱን ያሳጥረዋል። ስፋት ላይ ደግሞ ተማሪዎቹ 1 ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ከሆነ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትርም ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ይመስላቸዋል። 0.5 በ0.5 ተባዝቶ 0.25 ነው። ተዳፋት ሲሰላ የሚቆጠረው መስመሩ ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። 11 ኮንቱር 10 ክፍተት አለው፤ ከፍታው 200 ሜትር ነው እንጂ 220 አይደለም። ያ ከፍታ በካርታው ላይ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካለቀ ተዳፋቱ 200 ለ1,000፣ ማለትም 20 በመቶ ነው። ከፍታውና ርቀቱ ሁለቱም በሜትር ሳይሆኑ ማካፈል ሌላው የዘወትር ስሕተት ነው።

ኮንቱር ራሱ ያልገባቸው ካሉ (ብዙ ናቸው) አንድ ድንችና አንድ ቢላ ይበቃል። ድንቹን በቁመቱ ለሁለት ክፈሉና ግማሹን በጠፍጣፋው በኩል አስቀምጡ። ከላይ እስከ ታች በሁለት ቦታ በስቴኪኒ ብሱት፤ ከዚያ በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ አግድም ቁረጡት። ሙሉውን ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፤ በቀዳዳዎቹም ሁለት ነጥብ ምልክት አድርጉ። የታችኛውን ቁራጭ አንሡ፣ የቀረውን ቀዳዳዎቹ ነጥቦቹ ላይ እንዲገጥሙ አድርጋችሁ እንደገና አስምሩ፤ እስከ ጫፉ ቀጥሉ። ድንቹ ቀጥ ባለበት በኩል መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ዘንበል ባለበት ይራራቃሉ። ቀዳዳውን «ምን ያደርጋል» ብሎ የዘለለ ቡድን ቁራጮቹ ይዞሩበትና መስመሮቹ ይቆራረጣሉ። ያኔ «አንድ ቦታ ሁለት ከፍታ ሊኖረው ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

ታሪክ ላይ ችግሩ ዘመን ነው። መማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ተማሪው ሁሉንም በ8 ይቀንሳል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ላለው ልክ ነው፤ ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ግን የሚቀነሰው 7 ነው (ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት መስከረም 1 በአንድ ቀን ይገፋል)። 1974ን ብቻ ተመልከቱ። አብዮቱ የፈነዳበት የካቲት 1966ም፣ ንጉሠ ነገሥቱ የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967ም እዚያው ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያና ጣልያን የተጋጩበት የወልወል ግጭት በዲሴምበር 1934 ስለሆነ 1927 ነው፤ በ8 የቀነሰው ተማሪ አንድ ዓመት ያስቀድመዋል። ወሩ ያልተጻፈበትን ዓመት መለወጥ አይቻልም፤ ይህን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው።

ኢኮኖሚክሱን በአንድ ጥያቄ እንለፈው። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ 100 ብር የነበረው ዕቃ ስንት ይገባል? «ረከሰ» የሚል ተማሪ ሞልቷል። መጀመሪያ 130፣ በዓመቱ 156 ብር ነው።

ትምህርት ቤቶች ከሳምንቱ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ አንዱን ማስመሪያ፣ ክርና ካርታ ለሚያዝበት ሥራ ቢለዩት፣ በትምህርት ቤቱ ፈተናም ምርጫ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ የሚታይበት ጥያቄ ቢገባ እንወዳለን። ከእናንተም የምንጠይቀው አለ። በጋዜጣችሁ የሚወጡ ካርታዎች በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ገጹ ላይ እንዲመጥኑ ስታሳንሷቸው በመስመር የተሣለውን ስኬል አትቁረጡብን። የታሪክ ዓምዳችሁም የአውሮፓውን ዓመት ሲጠቅስ ወሩን አብሮ ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊና የታሪክ መምህራን
አዲስ አበባ