ግልጽ ደብዳቤ፦ ሴሊኒየም በማዳበሪያ ይምጣልን

ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጎንደር አራዳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ጉዳዬ ሰውነት በጥቂቱ የሚፈልገው ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ነው። ለጤና ቢሮ የሚጻፍ ይመስላል፤ ወደ እናንተ ያመጣሁት ግን ሆን ብዬ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አንድ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ሴሊኒየም ነው፤ አንዱ ፍሬ 200 ማይክሮግራም። እህታቸውን በካንሰር ቀብረዋል። «ይከላከላል ብላኛለች፤ በቀን ሁለት ልዋጠው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ሰውነትዎ በቀን የሚፈልገው 55 ማይክሮግራም ነው። ሁለት ፍሬ 400 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ከምግብ ከሚያገኙት ጋር ተደምሮ እንኳ መታለፍ የሌለበት ጣሪያ ነው። ሲበዛ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል» አልኳቸው።

ልጅቱ ያለ ምክንያት አልላከችም። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ሴሊኒየም በወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ቀንሶ መታየቱን ሲናገር ብዙ ሰው ጓጉቶ ነበር። በ2001 የተጀመረውና ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ግን ጥቅም ስላልታየበት በ2008 ክኒኑ እንዲቆም ተደረገ። የመጀመሪያው ጥናት ላይ ይበልጥ ተጠቅመው የታዩት በደማቸው ሴሊኒየም ያነሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ላይ የገቡት ደግሞ አብዛኞቹ ሲጀመርም አልጎደለባቸውም። ለእኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ሴሊኒየም ሥራውን የሚሠራው በፕሮቲኖች ውስጥ ገብቶ ነው፤ በሰው ዘረመል ላይ የ25ቱ መመሪያ ተጽፏል። አጻጻፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዘረመል ፊደል «ዩጂኤ» የሚባለው ባለ ሦስት ሆሄ ቃል እንደ አራት ነጥብ ነው፤ ፕሮቲኑ እዚህ ያበቃል ማለት ነው። እነዚህን ሲሠራ ግን ሴሉ አራት ነጥቡን አልፎ ያነብና በቦታው 21ኛውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ)፣ ሴሊኒየም ያለበትን ሴሊኖሲስቴይንን ያስገባል። ሴሊኒየም ከታጣ ንባቡ እዚያው ይቆማል፤ ፕሮቲኑ ጎዶሎ ይቀራል። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሴልን ከውስጥ ቃጠሎ ይጠብቃሉ፤ ሌሎቹ አንገት ላይ ካለው ዕጢ የሚወጣውን የታይሮይድ ሆርሞን ሥራ ወደሚሠራበት መልክ ይቀይራሉ። እንቅርት ላይ አዮዲን ያለው ጨው ስናዳርስ ይህንንም ማሰብ ያለብን ለዚህ ነው።

ካንሰር ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ጤናማውን ሴል ከጉዳት የሚያድኑት እነዚሁ ፕሮቲኖች፣ ዕጢው አንዴ ከበቀለ የካንሰሩንም ሴል ከሞት ሊከልሉት ይችላሉ። ዘበኛው ግቢ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይጠብቃል፣ ሌባም ቢሆን።

«ታዲያ ከምን ላግኘው?» አሉኝ እማማ። ከእንቁላል፣ ከሥጋ፣ ከጣና ዓሣ አልኳቸው። «ልጄ፣ ጾም ነው'ኮ!»

መልስ አጣሁ። በጾም የሚቀረው እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ነው፤ እህል ደግሞ መሬቱ ያልሰጠውን ከየትም አያመጣም። በአገራችን እህል ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ ተመራማሪዎች በካርታ አሳይተዋል፤ በክልላችንም ሴሊኒየም ያነሳቸው ሕፃናት ብዙ መሆናቸው በደም ምርመራ ታይቷል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ሴሊኒየሙ አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አሲዱን የሚቀንሰውን ኖራ የምታሠራጩት ለምርት ብቻ ብላችሁ ከሆነ ጥቅሙ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ሌላም አለ፦ ዳፕ ከሚባለው ማዳበሪያ ኤንፒኤስ ወደሚባለው ስንሸጋገር ድኝ ተጨመረ። ድኝና ሴሊኒየም ወደ ሥር የሚገቡት በአንድ በር ነው፤ ድኙ ሲበዛ ሴሊኒየሙ ውጭ ይቀራል። ድኙ ይቅር አላልኩም፤ ይለካ ነው የምለው።

ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ማዳበሪያዋ ላይ ሴሊኒየም ጨመረች፤ በሕዝቧ ደም ውስጥ ያለው የሴሊኒየም መጠንም ከፍ አለ። ካንሰር በዚህ ቀነሰ ማለት አይቻልም፣ እኔም ያንን ቃል አልገባም። የምጠይቀው ጉድለቱ እንዲሞላ ነው። ሌሎች አገሮች ለሙከራ የተጠቀሙበት መጠን በሄክታር 10 ግራም ገደማ ነው፤ በእፍኝ እንኳ የሚሞላ አይደለም።

ስለዚህ የአፈር ምርመራው ላይ ሴሊኒየም ይግባ፤ ሙከራውም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆናችሁ ደንቢያና ዳባት ላይ፣ ኖራ ባገኘና ባላገኘ ማሳ ይጀመር። የእህል ናሙና ከቅዳሜ ገበያ መሰብሰብ ካስፈለገ፣ የየቀበሌውን እየለየሁ እኔው ራሴ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአራዳ ፋርማሲስት፣ ጎንደር