የምስጋና መልእክት፦ ለደረሳችሁልን ሁሉ፣ ለማናውቃችሁም ጭምር

ይድረስ በቶሮንቶና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፤

ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ በማኅበራችን ቀን ባለቤቴ ላይ የደረሰውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግማሾቻችሁም እዚያው ቤት ውስጥ ነበራችሁ። ስለዚህ አልተርከውም። ብሞክርም ድፎው ከተቆረሰ በኋላ ያለውን መናገር አልችልም። ልቡ ቆመ፤ እግዚአብሔርም በሰው እጅ መለሰልን። ምስጋናችን እስከ ዛሬ የቆየው ወደ ሥራው ተመልሶ ሳላየው ብዕር አላነሳም ስላልኩ ነው። ተመልሷል።

ከሁሉ በፊት አንዲት እህታችንን ላመስግን። «ስሜን ብታነሺ ቤትሽ ዳግመኛ አልረግጥም» ስላለች አልጠራትም። እኛ ስንጮህ፣ አንዱ ጸበል ሲረጭ፣ ሌላው መስኮት ሲከፍት፣ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። «ዞር በሉ!» አለች። ይህች ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ስልኩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የ911ዋ (የድንገተኛ አደጋ ስልክ) ሴት በእንግሊዝኛ ትቆጥራለች፤ እህታችን በአማርኛ ትቆጥራለች፤ ሁለቱ እኩል ይሄዱ ነበር። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ደረቱ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መጫን ምን ያህል ጉልበት እንደሚፈጅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ላቧ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። «ላሳርፍሽ» ላላት ወንድም እንኳ መዳፉን የት እንደሚያሳርፍ አሳይታ ነው ቦታውን የለቀቀችለት። ሙያውን ያገኘችው አረጋውያንን በምትንከባከብበት ሥራዋ ነው። ባለቤቴ ዛሬም ሲያያት «የጎድን አጥንቴን የሰበርሽው!» ይላታል። «ገና የቀሩ አሉ» ትለዋለች።

በዚህ አላበቃችም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ዐይኗ እንቅልፍ እንዳዘለ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት ታደርስ ነበር። በኮቪድ ምክንያት ጠያቂ ሲገደብ ውጭ መኪናዋ ውስጥ ሆና አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። አንድ ምሽት ምንም ሳልናገር ጫማዬን አውልቃ እግሬን ማሸት ጀመረች። እኔ እኮ ታላቋ ነኝ! እዚህ ላይ ላቁመው፤ ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

የአምቡላንስና የእሳት አደጋ ባለሙያዎቹን ፊት እንኳ አላየሁም፤ ጭምብልና መነጽር ሸፍኗቸው ነበር። የሥራቸውን ምልክት ያየሁት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የባለቤቴ ጀርባ ላይ፣ ከግራ ትከሻው አጥንት በታች፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ቀይ ምልክት ነበር። የደረቱን ጠብቄው ነበር፤ የጀርባው ግን ግራ ቢያጋባኝ ነርሷን ጠየቅኋት። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በተለመደው መንገድ ሦስት ጊዜ የኤሌክትሪክ ንዝረት ተሰጥቶት ልቡ በትክክል ከመምታት ይልቅ መንቀጥቀጡን አልተወም። ስለዚህ ሁለተኛ መሣሪያ አመጡ፤ ሁለት ተጨማሪ ልጥፎች ፊትና ጀርባው ላይ ለጠፉና ሁለቱን መሣሪያዎች አከታትለው ተኮሱ። አሠራሩ ገና በጥናት ላይ የነበረ ነው።

ይህን ሲሰሙ «ሳታውቁት መሞከሪያ አደረጓችሁ» ያሉን ዘመዶች አሉ። ለእኛ ተቆርቁረው ነውና አልቀየምም፤ ግን አልስማማም። ልቡ የቆመ ሰው ምን ብሎ ይፈርማል? እኔስ ብሆን ያን ሰዓት ወረቀት ቢዘረጉልኝ የራሴን ስም እጽፍ ነበር? በካናዳ በእንዲህ ያለ ድንገተኛ ሁኔታ ቅድመ ፈቃድ ሳይጠየቅ ጥናት የሚካሄደው የሥነ ምግባር ቦርድ መርምሮ ሲፈቅድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይመረመር በልማድ ብቻ የሚሰጠው ሕክምና ነው።

ያ ጥናት ባለፈው ወር ታተመ። የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሙ ዶክተር ሼልደን ቼስክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 በስድስት የአምቡላንስ አገልግሎቶች 405 ሕሙማን ላይ አካሂደውት፣ በኮቪድ ሳቢያ ከታሰበው ቀድሞ ተቋርጧል። በሁለት መሣሪያ ከታከሙት ከመቶ 30 ያህሉ በሕይወት ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን 13 ያህሉ ብቻ። በአንዱ መሣሪያ የልጥፎቹ ቦታ ብቻ ወደ ፊትና ጀርባ የተቀየረላቸው ወደ 22 ይጠጋሉ። አገልግሎቶቹ በዕጣ እየተመደቡ በየስድስት ወሩ ስልት ይቀያይሩ ነበር። ባለቤቴ በወደቀበት ሰሞን በእኛ ሰፈር ተራው የሁለቱ መሣሪያ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ አንድ ያልተለመደ ምስጋና አለኝ። በተለመደው መንገድ የታከሙት 136 ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። እነሱ ባይኖሩ ለባለቤቴ የተሠራው አሠራር ከተለመደው የተሻለ መሆኑን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ስማቸውንም ሃይማኖታቸውንም አላውቅም፤ ቤተሰቦቻቸውም ይህን ጽሑፍ አያነቡትም። ነፍሳቸውን ይማር፤ ለሚስቶቻቸውና ለባሎቻቸው፣ ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥልን። በየማኅበሩ ጽዋ አስባቸዋለሁ።

ሐኪሞችና ነርሶች፣ ጸሎት ያልተለያችሁን ካህናት አባቶች፣ የእድራችን አባላት፣ የታክሲ ባልደረቦቹ፣ ከአዲስ አበባና ከጎንደር እየደወላችሁ አብራችሁን ያለቀሳችሁ ሁሉ፣ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ስማችሁን በየተራ ያልጠቀስነው ብዛታችሁ ከወረቀቱ በላይ ሆኖብን ነውና በይቅርታ እለፉን። ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን።

ስሟን የከለከለችኝ እህት አንድ ነገር እንድጽፍ ፈቅዳለች፦ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በአዳራሹ የልብ ማሸት ልምምድ ታሳያለች። መንበርከክ ስላለበት ሴቶች የሚመች ቀሚስ ልበሱ፤ ወንዶችም «ጉልበቴን ያመኛል» ብላችሁ እንዳትቀሩ ብላለች።

ከነባለቤቴና ከነልጆቼ
ቶሮንቶ፣ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.