ዓሣን መልቀቅ ብቻውን አያድነውም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አራት ኪሎ ካፌዎች ውስጥ ከሐዋሳና ከላንጋኖ የተመለሱ ወጣቶች ያጠመዱትን ዓሣ ፎቶ እያሳዩ «ለቀነዋል እኮ» ሲሉ እሰማለሁ። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ግን የተለቀቀ ሁሉ አይተርፍም። ዓሣ ከመንጠቆ ጋር ሲታገል ጡንቻው ይዝላል፣ ደሙ ውስጥም አሲድ ይከማቻል። ከውኃ ሲወጣ ደግሞ ስስ የሆኑት የስንጥቡ (የመተንፈሻ አካሉ) ክሮች እርስ በርስ ይጣበቁና ይታፈናል። ፎቶ አንሺው «እስቲ ቀና አድርገው» ባለ ቁጥር ጭንቁ ይረዝማል። በደረቅ እጅ ወይም በፎጣ ከተያዘ ከበሽታ የሚጠብቀው አዳላጭ ሽፋን ይገፈፋል፤ ዋኝቶ ቢሄድም ከቀናት በኋላ ሊሞት ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የተባለው ዓሣ ነገር ነው። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን የምታሳድገው በአፏ ይዛ ነው። በዚያ ወቅት ከተያዘች ትተፋቸዋለች፤ እሷ ብትለቀቅም እነሱ የሌላ ዓሣ ሲሳይ ይሆናሉ። አምባዛ የተባለው ዓሣስ አየርም ስለሚተነፍስ ከውኃ ሲወጣ ይሻላል።

አጥማጆች ሆይ፣ እባካችሁ እጃችሁን አርጥቡ፤ መንጠቆውንም ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ንቀሉ። ጠልቆ ከዋጠው አትጎትቱት፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ስለሚቀንስ በቀትር ባታጠምዱ ይመረጣል።

አንድ አንባቢ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ