ዝናቡ ሳያባራ ወይኑን ላተረፋችሁልን ሁሉ

ለረጪዎች፣ ለለቃሚዎች፣ ለመጥመቂያ ቤት ባለሙያዎችና ለጎረቤቶቻችን፦

የመጨረሻው ጋን ፍላቱን፣ ማለትም ስኳሩን ወደ አልኮል መለወጡን፣ ጨርሶ ተከድኗል። ከአበባ እስከ ለቀማ ዝናብ ባልተለየበት ወቅት፣ ያለ ሠራሽ ፀረ ተባይና ፀረ አረም እዚህ መድረስ በአንድ ቤተሰብ ጉልበት የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ በደፈናው «እናመሰግናለን» ብለን ማለፍ አልፈለግንም፤ ያደረጋችሁት በስሙ ይጠራ።

መጀመሪያ ለረጪዎቹ። ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው ሻጋታ የሚነሣው ሦስት ነገሮች ሲገጥሙለት ነው፦ ቀንበጡ 10 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ዝናቡም 10 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን። የምንረጨው መዳብ ይከላከላል እንጂ አይፈውስም፤ ሻጋታው ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ቢረጭ ከንቱ ድካም ነው። ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ዝናብ ደግሞ የተረጨውን አጥቦ ይወስደዋል። እናንተ ደመናውን እየቀደማችሁ፣ ትራክተር በጭቃ በማይገባበት ረድፍ መርጫውን በጀርባችሁ አዝላችሁ ገባችሁ። ለአንድ ርጭት በሄክታር ከ200 እስከ 400 ግራም ንጹሕ መዳብ እንጂ ከዚያ በላይ እንዳይሆን በየጊዜው መዘናችሁ። መዳብ ከአፈር አይጠፋም፤ ሲከማች የምድር ትሉን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ የገደበውም ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ለብቻው ይነገር፦ የመርጫውን አፍንጫ ወደ ላይ አዙራችሁ የቅጠሉን ሆድ ማርጠባችሁ። ሻጋታው የሚገባው በታችኛው ገጽ ባሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎች ነውና፣ ከላይ ብቻ የተረጨ ቅጠል እንዳልተረጨ ይቆጠራል። ጧት ጧት ቅጠል የገለበጡ እጆችም አይረሱም፤ ከላይ የዘይት ጠብታ የመሰለ ቢጫ ነጥብ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ነገር ያዩበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አስረውበታል።

አበባው እንዳለቀ ከዘለላው ዙሪያ ቅጠል ያነሣችሁልን፣ የጧት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ብቻ ማንሣታችሁ ዘለላውን ከጤዛው ቶሎ አድርቆታል፤ የከሰዓቱ ፀሐይም አላቃጠለውም።

ለቃሚዎች፣ እጃችሁ ይባረክ። ሳጥኑን ከ15 ኪሎ በላይ ባለመሙላታችሁ የታችኛው ፍሬ አልተጨፈለቀም። ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ የነካውን ዘለላ እዚያው ቆርጣችሁ ለብቻው ባልዲ ውስጥ ማድረጋችሁ ደግሞ ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ሻጋታው ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም ስላለው የቀዩን ወይን ቀለም ያደበዝዘዋል፣ ቡናማም ያደርገዋል። ይህን ኢንዛይም ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይት እንኳ በቀላሉ አያቆመውም።

ከሁሉም የከበደው ውለታ የቆመውን ፍላት መልሶ ማስነሣት ነው። ግራጫው ሻጋታ የወይኑን ናይትሮጅንና ቫይታሚን ቢ1 ቀድሞ ስለሚበላው፣ እርሾው በተራቆተ ጭማቂ ውስጥ ስኳሩን ሳይጨርስ ይደክማል። ከዚያ በኋላ ጊዜ አይሰጥም፤ የላክቲክ ባክቴሪያ የተረፈውን ስኳር ይዞ አሴቲክ አሲድ ያወጣል፣ ወይኑም ወደ ሆምጣጤ ያዘነብላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አዲስ እርሾ በቀጥታ ጋኑ ውስጥ በመበተን ነው፤ አልኮሉ ወዲያው ይገድለዋል። ባለሙያዎቹ ግን ወይኑን ከአተላው ለይተው ከ20 እስከ 22 ዲግሪ አሞቁት። አልኮል የሚችል እርሾ በክብደቱ 10 እጥፍ በሆነና ከ37 እስከ 40 ዲግሪ በሞቀ ውሃ 20 ደቂቃ አርሰው፣ በጥቂት ጭማቂ ጥንስስ ጣሉ። ጥንስሱ ስኳሩን በግማሽ በጨረሰ ቁጥር የራሱን ያህል የቆመ ወይን ጨመሩበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም ከ10 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይለኩ ነበር። እርሾው አልኮሉን እየለመደ ሄደ፤ ጋኑ ውስጥ ሲገለበጥም አረፋው ተነሣ።

ማንም ሰው ለብቻው ወደ ጋኖቹ ክፍል እንዳይገባ የከለከላችሁም ተመስገኑ። አንድ ሊትር ጭማቂ ሲፈላ ከ40 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ዓይን አያየውም፣ ሰው ግን ያፍናል። ሻማ አስገብቶ መጥፋት አለመጥፋቱን ማየት አስተማማኝ አይደለም፤ የጋዝ መለኪያ መሣሪያው ግን ከእጃችሁ አልተለየም።

ወለሉን ከማጠባችሁ በፊት የተጨመቀውን ወይን ገለፈትና አተላውን በደረቁ ጠርጋችሁ ማውጣታችሁንም ወንዙ ያውቀዋል። ስኳርና አሲድ ያዘለ እጣቢ ወንዝ ቢገባ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣውን ይፈጃል።

ጎረቤቶቻችን ጭድና ፍግ ባታመጡ ኖሮ ገለፈቱ ለብቻው ኮምጥጦ ይቀር ነበር። አሁን ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ሞቋል፤ እየተገለበጠ ነው። ሲበስልና ሲቀዘቅዝ ጆንያ ይዛችሁ ኑ፣ ድርሻችሁ ነው። የወይኑ ዘር ሳይበሰብስ ብታገኙት አትደንግጡ፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል፣ አፈሩን አይጎዳም።

የወይን እርሻው ቤተሰብ