የሞተር ክበብ ዘገባ፦ ደብረ ብርሃን የተቃኘ ሞተር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ

ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ጀርባ በሚወጣው ጭስና ጩኸት የተማረሩ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ። ከጩኸቱ ምን እንደተገኘ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች እንደ ወትሮው በምዝገባና በኮሚቴ ምርጫ አለፉ። ከዚያ አንድ ወላጅ የለገሱንን አሮጌ የውሃ ፓምፕ ሞተር ፈታትተን ገጠምን። መዘውሩ ላይ ገመድ ጠምጥመን ጫፎቹን ከስፕሪንግ ሚዛን ጋር አሰርን። የሁለቱ ጫፎች የጉተታ ልዩነት በመዘውሩ ሬዲየስ ሲባዛ ቶርክ፣ ማለትም የሞተሩ የማዞር ኃይል ይገኛል።

ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋ፣ ቤንዚኑን በፍንጣሪ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ጥላሸት ይለብስ ነበር። ጥፋቱ የከፍታችን ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተሠራ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ትልቁ ቶርክ የሚገኘው ግን ቤንዚኑ ትንሽ ሲበዛ፣ ከ12 እስከ 13 ኪሎ አየር አካባቢ ነው። ልጆቹ ቤንዚኑን የሚመጥነውን የካርቡሬተሩን መርፌ በጥቂት በጥቂቱ እያጠበቁ ሚዛኑ ከፍ የሚልበትን ቦታ አገኙ። የሳሳ አየር ውስጥ እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚስፋፋም የካንዴላውን ፍንጣሪ ቀደም አደረጉት።

ግንቦት ላይ ሞተሩን ፒክአፕ ላይ ጭነን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ሸዋ ሮቢት ወረድን፤ 1,300 ሜትር ገደማ። አየሩ ስለሚወፍር ቶርኩ ወዲያው ይጨምራል ብለው ተወራርደው ነበር። ገመዱ ሲጠብቅ ሞተሩ ተንተባተበ፣ በካርቡሬተሩ በኩል አስነጠሰና ጠፋ። "ቤንዚን አነሰው!" አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። መርፌውን ሲያላሉት ጉልበቱ መጣ፤ ነገር ግን ጭነት ሲበዛበት ውስጡ ይንኳኳ ጀመር። ወንዶቹ የላላ ብሎን ፍለጋ ተጎነበሱ።

ዓመቱን ሙሉ መዝገብ ከመያዝ በቀር ብዙም ያልተናገረች አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ፣ "ቲቸር፣ ብሎን ቢሆን ያለ ጭነትም ይንኳኳ ነበር። እሳቱ ነው የቀደመው" አለችኝ። ቁልፉን ሰጠኋት። ፍንጣሪውን የሚቆጣጠረውን ሳህን አላልታ ጥቂት ወደ ኋላ መለሰችው። መንኳኳቱ ቆመ፣ ሚዛኑም ከፍ አለ። ማንም ሳያዛት ደግሞ ይበልጥ አዘገየችው፤ ሚዛኑ ወረደ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጋለ። "ጉልበቱ በጭስ ማውጫው እየወጣ ነው" ብላ መዝገቧን ገለጠች። ፒስተኑ የላይኛውን ጫፍ አልፎ ክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) 15 ዲግሪ ያህል ሲዞር ግፊቱ ጣሪያ ቢደርስ ክራንኩን አጥብቆ እንደሚያዞር በሰሌዳ ደጋግሜ አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ገብቷቸው አያውቅም።

በመሀል ገመዱ ተቃጥሎብናል፣ ቤንዚን ያጣንባቸው ሳምንታትም ነበሩ። ፍንጣሪው ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ ግን በቁጥር መጻፍ አልቻልንም፤ ፍንጣሪው የሚነሳበትን ቅጽበት የሚያሳየው መብራት፣ ታይሚንግ ላይት፣ የለንም። ለስፖርት ክበብ አዲስ ማሊያ ሲገዛ አጨብጭበናል፤ የእኛ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው። ጋራዥ ያላችሁ ወላጆች፣ የተተወ ታይሚንግ ላይት ወይም ዲስትሪቢውተሩ (ፍንጣሪውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክፍል) ያልወለቀ አሮጌ የቤንዚን ሞተር ካላችሁ ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አሳውቁን፤ መጥተን እንጭናለን።