ሁለት ብረት በአንድ እሳት፦ የብረታ ብረት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት፤ አምስቱ ሴቶች ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለው ዳስ ሥር እንገናኝ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው ሁሉም በስልካቸው ያዩትን አንድ ነገር ጠሩልኝ፤ ገጹ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ጥቁርና ነጭ መስመር የሚታይበት ቢላዋ። «ደማስቆ» ይሉታል። የጥንቱ የደማስቆ ብረት እንኳ ሌላ ነው፤ ከሕንድና ከስሪላንካ ይመጣ የነበረ፣ በሸክላ ማቅለጫ የቀለጠ ብረት ሲሆን ጥለቱ የሚወጣው ከራሱ ከብረቱ ነው። ልጆቹ ያዩት ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ፣ በእሳት ተበይዶና ተቀጥቅጦ የሚሠራውን ነው። እኛም የያዝነው ይህንኑ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ሥራውን የፈቀዱልን ቢላዋው ለትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት እንዲሆንና እስኪያልቅ ድረስ እኔ ዘንድ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ነው። ሁለቱንም አክብረናል።

ስለ እሳቱና ስለ መዶሻው ብዙ ማለት ይቻላል። ዓመቱን የበላብን ግን የትኛውን ብረት ከየትኛው ጋር እናጋባ የሚለው ጥያቄ ነው።

በጥቅምት ልጆቹ ያገኙትን ሁሉ ተሸክመው መጡ፤ የመኪና ባሌስትራ፣ የተሰበረ ኩሽኔታ፣ የፌሮ ቁርጥራጭ፣ ያረጀ ሞረድ፣ የቧንቧ ቁራጭ። ቧንቧውን ወዲያው አስወገድነው፤ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። የቀረውን አንድ በአንድ ግራይንደር ላይ አስነክተን ብልጭታውን አየን። የፌሮው ብልጭታ ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይጠፋል። የሞረዱ ደግሞ ከድንጋዩ እንደወጣ እየፈነዳ እንደ እሾህ ቅርንጫፍ ይበታተናል፤ ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ነው። የባሌስትራው በሁለቱ መካከል ነው። ሦስቱን ብልጭታዎች ጎን ለጎን ያየ ተማሪ ካርቦን ምን እንደሚሠራ ከጥቁር ሰሌዳ ይልቅ እዚያ ገባው።

የመጀመሪያው ምርጫችን ባሌስትራና ፌሮ ነበር። አንዱ ጠንካራ፣ አንዱ ለስላሳ፤ ልዩነታቸው ጥለት ይሰጠናል ብለን አሰብን። እኔም በዚህ ተስማምቼ አስጀመርኳቸው፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቀጠቀጥን። በጥር ቢላዋውን አግለን ዘይት ውስጥ ስንነክረው ጫፉ ላይ ንብርብሩ ተላቀቀ፣ ያልተላቀቀውንም ሞረድ እንደ ቅቤ በላው። ጥለቱም ቢሆን ደብዛዛ ግራጫ ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ምክንያቱን ቁጭ ብለን ፈለግን። ብረት ለመበየጃ የሚሆን ሙቀት ላይ ሲደርስ ካርቦን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሄዳል፤ ንብርብሩ ስስ ከሆነ ደቂቃዎች ይበቁታል። የባሌስትራ ካርቦን ወደ 0.6 በመቶ ነው። የፌሮውን 0.2 ብንለው እኩል በእኩል ሲደራረቡ 0.4 ይመጣል። ለጥሩ ስለት ደግሞ ቢያንስ 0.6 ያስፈልጋል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ደብተሯ ላይ አስልታ፣ «ቲቸር፣ ፌሮው የባሌስትራውን ምግብ ተካፈለው ማለት ነው?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ አልነበረኝም።

ንብርብሩ ለምን እንደተላቀቀ ያስረዱን ግን በአቅራቢያችን ማረሻና መጥረቢያ የሚሠሩ አዛውንት ቀጥቃጭ ናቸው። ልጆቹን ይዤ ሄድኩ። በአገራችን እንዲህ ያለ ባለሙያ ለዘመናት በሥራው ሲሰደብ እንደኖረ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ሲገቡ ሁሉም ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሷቸው ማየቴ ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ነገር ነው። አባባ የተላቀቀውን ቁራጭ መስፉ ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና፣ «ልጆቼ፣ የሁለቱ እሳት አንድ አይደለም። ይሄኛው ሲደርስ ያኛው ገና ነው፤ ቆዳውም ቆሽሿል» አሉ። በኬሚስትሪ ቋንቋ ስናየው፣ ብዙ ባሌስትራ ክሮሚየም ወይም ሲሊከን አለበት፤ ክሮሚየም እሳት ውስጥ የሚያወጣው ዝገት መሰል ሽፋን ደግሞ ብየዳውን ይከለክላል።

የካቲት ላይ አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ለእረፍት ሲመጣ በሻንጣው ሁለት ዘንግ ብረት አመጣልን፤ 1084 እና 15ኤን20። ጀማሪ ቢላዋ ሠሪዎች አዘውትረው የሚጀምሩት በእነዚህ ሁለት ነው፤ ምክንያቱ አሁን ለልጆቹ ግልጽ ነበር። 1084 ማለት 0.84 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ ማንጋኒዝ የገባበት ብረት ነው። 15ኤን20 ካርቦኑ 0.75 አካባቢ ሆኖ 2 በመቶ ኒኬል አለው። ካርቦናቸው ተቀራራቢ ስለሆነ አንዱ ከሌላው የሚወስደው ብዙ የለም፤ የሚጠነክሩበትም ሙቀት ያው ነው። ጥለቱ የሚመጣው ከኒኬሉ ነው፤ ኒኬል እንደ ካርቦን ቦታውን ለቆ አይሄድም፣ አሲድም አያጠቁረውም።

አራት ቁራጭ 1084፣ በመሃላቸው ሦስት 15ኤን20፤ ሰባት ንብርብር። እያንዳንዱን ገጽ እስኪያበራ ፍቀን፣ ጠርዙን በኤሌክትሮድ ነካ ነካ አድርገን አያያዝነው፤ ብየዳውን የሚከለክለውን ሽፋን የሚያሟሟ ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄት ነሰነስንበት። ከብርቱካን አልፎ ደማቅ ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ ቀስ ብለን መታነው። ካስረዘምነው በኋላ አራት ቦታ ቆርጠን እንደገና ደረብነው። 28 ይሆናል ብለን ስንጽፍ አንድ ተማሪ አስቆመን፤ የውጭዎቹ ገጾች ሁሉ 1084 ስለሆኑ ሲገናኙ አንድ ይሆናሉ፤ 25 ነው። ልክ ነበር። ከዚያ ፊቱ ላይ በመሰርሰሪያ ጎድጎድ ያሉ ነጥቦች አውጥተን ቀጥቅጠን ስናስተካክለው ጥለቱ እንደ ዝናብ ጠብታ ክብ ክብ ሆነ።

ለማጠንከር ማግኔት ተጠቀምን። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ አሳልፈን ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ነከርነው። ሞረዱ ሲሄድበት እንደ መስታወት አንሸራተተው። እንዳይሰበር በ200 ዲግሪ ምድጃ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት አቆየነው፤ የገለባ ቀለም ይዞ ወጣ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጥለቱ እንዲታይ ከኬሚስትሪ መምህራችን ጋር ፌሪክ ክሎራይድ በውሃ አቅጥነን ቢላዋውን አስገባነው። ይህ ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሰርኪት ቦርድ መዳብ የሚበላው ፈሳሽ ነው። ያቺ ሒሳቡን ያሰላችው ልጅ ጓንትና መነጽር አድርጋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አወጣችው። መጀመሪያ ጥቁር ብቻ ነበር። በሶዳ ውሃ አጥባ ጣቷን ስታሻሽበት ከጥቁሩ መሃል የ15ኤን20 ብርማ ክቦች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። አስራ አራቱም ዝም ብለው ቆሙ።

ቢላዋው አሁን ወጥ ቤት ነው፤ ሽንኩርት ይከተፍበታል። የማይዝግ ብረት ስላልሆነ ከሥራ በኋላ ደርቆ ዘይት መቀባት እንዳለበት ለእናቶች ነግረናቸዋል።

ለ2018 ደግሞ አገር ውስጥ ከሚገኝ ብረት መጀመር እንፈልጋለን። ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያረጀ ሰፊ የባንድሶ (የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን) ምላጭ አግኝተናል። ቁራጩን ከባሌስትራ ጋር አሲድ ውስጥ ስናስገባው ባሌስትራው ጠቆረ፣ ምላጩ ብርማ ሆኖ ቀረ፤ ኒኬል ሊኖረው ይችላል። አጠንክረን ስንሰብረውም ስብራቱ ደቃቅና ግራጫ ነው። ጥቁሩን የሚሰጠን ብረት ገና አልመረጥንም። ሦስት አሮጌ ሞረዶች ሳጥኑ ውስጥ አሉ፤ መስከረም ላይ ጥርሳቸውን ፍቀን እንጀምራለን።