ከዕቃው ሥር ጋቢሽን አገኘሁት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ኅዳር 2018

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? የደሴን የኅዳር ብርድ አውቀዋለሁ፣ እባክሽ ማታ ደጅ አትቀመጪ። በስልክ ሲሆን ያሰብኩትን ሳልጨርስ "በይ ሥራሽን ሥሪ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። ትንሿ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

አምና ኅዳር 20 ደውለሽ አላነሳሁም። ሥራ ላይ ነበርኩ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ ይቅር በይኝ። እዚህ ከምስጋና በዓል ማግስት ያለው ዓርብ ብላክ ፍራይዴይ ይባላል፣ ዕቃ በቅናሽ የሚሸጥበት ቀን ነው። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሱቅ በር ላይ ተሰልፌ ነበር፣ ለቴሌቪዥን። ቤት ያለው ቴሌቪዥን ምንም አልሆነም። አንቺ ደግሞ የጽዮን ማኅበር ተራሽ ደርሶ፣ ዳቦውን አቡክተሽ፣ ድምፄን ልትሰሚ ነበር የደወልሽው። ዓመቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም።

ቤቴ ሲሞላ ስቶሬጅ የሚሉትን የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ተከራይቼ ነበር፣ በወር 90 ዶላር። ባለፈው ወር ልለቀው ሄጄ አንድ በአንድ አወጣሁ። ዋጋው ያልተነሳለት ጫማ፣ ያልተከፈተ ካርቶን፣ ለምን እንደገዛሁት የማላስታውሰው ድስት። ከሁሉም ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ ጋቢሽ። ዲቪ ሲደርሰኝ የሰጠሽኝ። ማታ ማታ እንዝርቱን ጭንሽ ላይ እያሾርሽ ስንት ጊዜ የፈተልሽው፣ ድውሩን ለሸማኔው ስትሰጪ "አደራ እንዳታሳሳው" ያልሽው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ለበስኩት። እስካሁን ዕጣን ዕጣን ይላል።

ያን ሁሉ የገዛሁት ቤቱ ባዶ ባዶ እያለኝ ነው እማዬ። የጎደለው ግን ዕቃ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ በሬን አንኳኩቶ ቡና ጠጪ ያለኝ ሰው የለም፣ እኔም ማንንም ጠርቼ አላውቅም።

ጀበናውን አወጣሁ። ፊት ለፊቴ የሚኖሩ የኤልሳልቫዶር ሴትዮ አሉ፣ በአንቺ ዕድሜ። እሑድ ጠራኋቸው። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ነው፣ ግን ቡናው ሲቆላ ጭሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። ልጅ ሆነው አገራቸው ቡና ይለቅሙ ነበር አሉኝ። ቶናውን ጠጥተው ሊነሱ ሲሉ "በረካው ሳይደርስማ አይሆንም" ብዬ ያዝኳቸው፣ ልክ እንደ አንቺ። በማግስቱ የቆሎ ሳህኔን ባዶውን አልመለሱትም፣ ቦሎቄ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ ጨምረውበት መጡ። አሁን እሑድ እሑድ አብረን ነን።

የላክሁልሽን ጁስ መፍጫ ከነካርቶኑ ቡፌው ላይ ዳንቴል አልብሰሽው በቪዲዮ አየሁት። አልተቀየምኩም። "ዕቃውን ተይውና አንቺ ነይ" ስትዪኝ መስማት ነበረብኝ። የስቶሬጁን ብር ለትኬት እያጠራቀምኩ ነው፣ ለፋሲካ እመጣለሁ።

ዘንድሮ ጽዮን እሑድ ትውላለች። ማኅበርተኞቹ ሲሰበሰቡ ደውዪልኝ፣ እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ። እነ እትዬን አንድ በአንድ ሰላም እንድላቸው ስልኩን አዙሪላቸው።

ልጅሽ